ከጋቢናው ጀርባ ያለው ቦታ

መፍቻ አስቀምጬ ጠመኔ ከያዝኩ ብዙ አልቆየሁም። እጄን ስታጠብ ዛሬም ከጥፍሬ ሥር ጥቁር ዘይት እፈልጋለሁ፤ የማገኘው ግን ነጭ ብናኝ ነው። ተማሪዎቼ ከማስተማሬ በፊት ምን እሠራ እንደ ነበር ሲጠይቁኝ፣ «እዚሁ ጎንደር፣ ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና የፊት እግር እጠግን ነበር» እላቸዋለሁ። ይሥቃሉ። መኪና እግር ያለው አይመስላቸውም። እኔ ደግሞ ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም፤ ሰሌዳው ላይ መኪናውን እሥላለሁ፤ ጎማውን፣ አክስሉን፣ ጋቢናውን፣ ጭነቱን። ሥዕሉ ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ቦታ ላይ እጄ ይቆማል። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ቦታ ነው።

ጋራዡ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ አዘዞ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። የከፈተው ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ የቀረ ጣሊያናዊ ነው፤ ሁላችንም «ሲኞር» እንጂ በስሙ አንጠራውም። ሲኞር ሞተር ይወዳል። ሞተር ሲነሣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ማሕሌት ያዳምጠዋል። ከሞተር በታች ያለውን ሁሉ ግን ለአንጋፋው መካኒክ ለአያ ቢያድግልኝ ትቶላቸው ነበር። ደመወዛችን ትንሽ ነበር፣ አይዘገይም ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እኔ የገባሁት ትምህርቴን ከመካከል አቋርጬ ነው። መጀመሪያ የተፈቱ ዕቃዎችን በቤንዚን አጥብ ነበር። ቀጥሎ ግራሶ መቀባት፣ ከዚያ ጎማ ማውለቅ ተፈቀደልኝ። አንድ ክረምት ደግሞ ሲኞር የመንገድ ሥራ መኪናዎችን እንድጠግን ደባርቅ ላከኝ። የደባርቅ ብርድ መፍቻውን ከእጅ ጋር ያጣብቀዋል። ያም ሆኖ ሊማሊሞን በቅርብ ለማየት ጠቀመኝ። መንገዱ ከደጋው አፋፍ ይነሣና ገደሉን እየተጠማዘዘ ቆላው ድረስ ይወርዳል። ሥራ ሲቀለኝ አፋፉ ላይ ቆሜ ወደ አስመራ የሚወርዱትን መኪናዎች አይ ነበር። በየመታጠፊያው አፍንጫቸው ይደፋል፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ የጭነቱ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል። ያን ሁሉ የሚሸከመው የፊቱ ባሌስትራ ነው። አያ ቢያድግልኝ ለባሌስትራ ለምን ያን ያህል እንደሚጨነቁ የገባኝ እዚያ ብርድ ውስጥ ነው።

ባሌስትራ ማለት እንደ ቀስት የጎበጡ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ዝርግ ብረቶች ናቸው። መካከላቸውን አንድ ቀጭን ብሎን በስቶ ይሰፋቸዋል፤ የብሎኑ ራስ የግራና የቀኝ ጎማን በሚያገናኘው አክስል ላይ ካለች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉ ወፍራም ብሎኖች ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያቅፉታል። እኛ «አቃፊ» እንላቸው ነበር። ብዙ ሰው አክስሉን የሚይዘው የመካከሉ ብሎን ይመስለዋል። አይደለም። እሱ ቦታውን ያሳያል እንጂ አቅም የለውም፤ የሚይዙት አቃፊዎቹ ናቸው። እነሱ ከላሉ ሸክሙ ሁሉ በቀጭኑ ብሎን ላይ ይወድቅና ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ አክስሉ በአንድ ጎን ይሸሻል፤ መኪናውም ሹፌሩ ያላዘዘውን አቅጣጫ ይይዛል።

አዲስ የገባ ባሌስትራ ወዲያው አይረጋም። በብረቶቹ መካከል ያለው ቀለምና ዝገት በጭነት ይደቃል፤ አቃፊዎቹም ይለጠጣሉ። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የቱንም ያህል ብታጠብቀው፣ ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላ የአቃፊዎቹ ማሰሪያ ዳዶ እንደ ገና መጥበቅ አለበት።

አያ ቢያድግልኝ ይህን የተማሩት ከጣሊያን ጋራዥ ይሁን ከራሳቸው አላውቅም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ ሥራ አይገቡም። የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር አያምኑም፤ ከቀሃ ወንዝ ራሳቸው መርጠው ያመጧቸው ሁለት ጥቋቁር ድንጋዮች ነበሯቸው፤ እነሱ ከኋላ ጎማ ሥር ሳይገቡ ክሪክ አይነሣም። የጎማውን መዞሪያ ሲመረምሩ እኔን ጎማውን ላይና ታች አስይዘው ያስነቀንቁኛል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን መጋጠሚያው ላይ ያሳርፋሉ። ያን ጊዜ ማውራት ክልክል ነው። እኔ ምንም ሳይሰማኝ እሳቸው «ቦኮላው አልቋል» ይላሉ፤ ስንፈታው በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው የብረት ቀለበት ተበልቶ እናገኘዋለን። ሥራው ሲያልቅ ከጎማው በላይ ያለውን ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ በመዳፋቸው ጠፍ ያደርጉታል። ከዚያች ጥፊ በኋላ ያን መኪና ማንም አይነካውም።

ጥፊዋ ግን ባሌስትራ ለተቀየረለት መኪና ቶሎ አትሰጥም። መኪናው ጭነት ተጭኖ ማክሰኝት ደርሶ መመለስ አለበት። ዳዶው ዳግመኛ ጠብቆ ነው ሊማሊሞን የሚያየው። ሹፌሮች በዚህ ይበሳጩ ነበር። ከሁሉም የሚብሰው ጌጡ ነው።

ጌጡ የአስመራ መንገድ ሹፌር ነበር። መኪናዋን ከወንድሞቹ ጋር ነው የገዛት፤ የቤቱ እንጀራ እሷ ነች። ሲነዳ ይዘፍናል፤ ሲቆም ያወራል። መጀመሪያ ባሌስትራ የቀየርንለት ጊዜ የተናገረውን አልረሳም።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ምነው? ጭነቴ አስመራ ይጠበቃል፣ እርስዎ ማክሰኝት ይሰዱኛል! አስመራ እኮ በዚያ ነው!» አለ፣ እጁን ወደ ሰሜን ዘርግቶ።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ማክሰኝት ሂድ።»

«ወደ ኋላ እየሄደ አስመራ የሚደርስ እኔን ብቻ ነው ያዩት? በሉ ድንጋይዎን ከጎማው ያንሡልኝ።»

አያ ቢያድግልኝ ሄደው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። «ተቀምጬበታለሁ» አሉት።

ጌጡ ጉልበቱን ይዞ ሣቀ። ሄደ፤ ተመለሰ። መፍቻውን ዳዶው ላይ ሳሳርፍ ግማሽ ዙር ያህል ያለ ትግል ዞረልኝ። ጌጡ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበርና ሣቁ ጠፋ።

«አየህ?» አሉት አያ ቢያድግልኝ። «ሊማሊሞ ላይ ይችን የሚያጠብቅልህ ማነው? ጭላዳው?»

ከዚያ ወዲህ ጌጡ ራሱ ሌሎቹን ሹፌሮች ማክሰኝት እንዲሄዱ የሚመክር ሆነ። ሰው ሲያሾፍበት፣ «አያ ቢያድግልኝ ጠፍ ያደረጓት ማኪና ገደል ገብታ አታውቅም» ይላል። እውነቱን ነው፤ አታውቅም ነበር። አያ ቢያድግልኝ ይህ ሲነገር እንዳልሰሙ ይሆናሉ እንጂ ይሰሙ ነበር። በዓለም ላይ የሚኮሩበት ነገር ቢኖራቸው ይህ ብቻ ነበር።

ከኅዳር ሚካኤል በፊት ጌጡ ባሌስትራ ሰብሮ መጣ። ሁለቱንም ጎን ቀየርንለት። የተሰበሩትን ብረቶች እንደ ልማዳችን የወለቃ ቀጥቃጮች ወሰዷቸው፤ ማጭድ ይሆናሉ። የመዞሪያውን ቦኮላም ለወጥን፤ ግራሶ ሞላን። ሥራው ያለቀው በዋዜማው ነው። ጌጡ ደግሞ በበዓሉ ማግስት ጭኖ መነሣት ነበረበት፤ የነጋዴ ቃል አለበት።

ችግሩ ማክሰኝት የሚወስደው ጭነት ማጣቱ ነው። በሚካኤል ቀን ጆንያ የሚሸከም ሰው የለም፤ ቢኖርም አያ ቢያድግልኝ በበዓል አያሸክሙም። በበዓሉ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ቆመን ስንመካከር፣ ጌጡ መንገዱን ሞልቶ ወደ ክብረ በዓሉ የሚተመውን ሕዝብ አየ። ከማክሰኝት ወዲህ ያለ የሚካኤል ደብር በዚያ ቀን ይነግሣል።

«ሰው እንጫን!» አለ። «ሰው ከጤፍ በምን ያንሳል? በዚያውም በረከት ነው፤ ሳንቲም አልቀበልም።»

አያ ቢያድግልኝ አሰቡ። «ክብደት ክብደት ነው» አሉ በመጨረሻ። እኔም ልክ መሰለኝ። ዛሬ ተማሪ እንዲህ ቢለኝ፣ «የት ላይ የተጫነ ክብደት?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ያን ጊዜ ጥያቄውን የሚያውቅ ከሦስታችን አንድም አልነበረም።

ሰው ወዲያው ሞላ። ሁሉም የተሻማው ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ቦታ ነው፤ እዚያ ነፋስ አይመታም፣ መኪናውም ብዙ አያነጥርም። ሊነሣ ሲል ሦስት ካህናት ከበሮና ጥላ ይዘው ደረሱ። አያ ቢያድግልኝ ከላይ ሆነው ሰውን ሲያሳፍሩ ነበር፤ ካህናቱን ሲያዩ ተቆጡ።

«ምነው እናንተ? ካህናት ቆመው እናንተ ከፊት ትቀመጣላችሁ? ወደ ኋላ! ወደ ኋላ በሉ! ከፊት ልቀቁ!»

«እንለቃለን አያ፣ ብቻ አይግፉን! ሳንደርስ ከሚካኤል ጋር ሊያገናኙን ነው!» አለች አንዲት ሴት፤ ሰው ሁሉ ሣቀ።

ሁሉም ወደ ኋላ ተጠጋ። ካህናቱ ከጋቢናው ጀርባ ተቀመጡ፤ ከበሮው ከፊታቸው ሆነ። አጠገባቸው የሚጠጋ አልነበረም፤ ካህን ማጨናነቅ ነውር ነው። ሌላው ሕዝብ ከኋላ ተጠቅጥቆ፣ ገሚሱ የሳንቃውን ጫፍ ይዞ፣ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ነበር የሄደው። እኔ ጋቢና ውስጥ ከጌጡ አጠገብ ነበርኩ። ከአዘዞ እንዳለፍን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ ጮኸ።

«አያ ቢያድግልኝ! ምን አድርገዋት ነው? መሪው እንዲህ ቀሎልኝ አያውቅም! በአንድ ጣት ነው የምነዳት!»

«ግራሶ ነው!» ብለው መለሱለት ከላይ። በድምፃቸው ደስታ ነበር። ጌጡ እየዘፈነ ነዳ፤ ከላይ ሴቶቹ እልል አሉ። በጋራዥ ሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሸጋ ቀን አላስታውስም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አያ ቢያድግልኝ ከመኪናው ሥር ገቡ። መፍቻውን ለእኔ አልሰጡኝም፤ ራሳቸው ያዙት። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ሞከሩ። አንዱም አልተነቃነቀም። ደግመው ሞከሩ።

«ይሄስ ሸጋ ብረት ነው» አሉ ሲወጡ። «ጭነቱን በልቶ ንቅንቅ አላለም።»

ፓራፋንጎውን ጠፍ አደረጉት። ጌጡ ጭነቱን ጭኖ፣ ጡሩምባውን እየነፋ ወጣ።

ወሬው ከሊማሊሞ በወጣ ሹፌር በኩል ደረሰን። ሲኞር በራሱ መኪና አያ ቢያድግልኝንና እኔን ይዞን ሄደ። የጌጡ መኪና ከአንድ መታጠፊያ ላይ በተራራው በኩል ተጋጭታ ቆማለች። መሪው ወደ ገደሉ ሲጎትተው ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ድንጋዩ መልሷታል፤ ረዳቱን ጭረት እንኳ አልነካውም። መሪዋ ግን እንደ ድሮዎቹ የጣሊያን መኪናዎች በቀኝ ነውና፣ የጌጡን ቀኝ እጅ በሩና ድንጋዩ መካከላቸው ይዘውት ነበር፤ እኛ ሳንደርስ ጎንደር ሆስፒታል ወስደውታል።

አያ ቢያድግልኝ ማንንም ሳያናግሩ ተንበረከኩ። የግራው አክስል ወደ ኋላ ሸሽቷል። የመካከሉ ቀጭን ብሎን እንደ ሸንበቆ ተቆርጧል። የአቃፊውን ዳዶ ያዙ። መፍቻ አቀበልኳቸው፤ አልተቀበሉኝም። በጣታቸው አዞሩት። ዞረ። ደግመው አዞሩት። ከዚያ ጣታቸውን እያዩ ብዙ ቆዩ።

ሆስፒታል ስንገባ ጌጡ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«አያ፣ ምነው ለቀቀችኝ?» አላቸው። ቁጣ አልነበረበትም፤ መጠየቁ ነበር።

«እጄ ዋሸኝ፣ ጌጡዬ» አሉት። «የላላውን ጠብቋል አለኝ። አርጅቷል፤ እኔ አላወቅሁበትም።»

የጌጡ ቀኝ እጅ ዳግመኛ መሪ አልያዘም። መኪናዋ ተሸጠች። እሱም ፒያሳ አውቶቡስ መነሻው አጠገብ በግራ እጁ ትኬት መቁረጥ ጀመረ። አያ ቢያድግልኝ በዚያው ሳምንት ሥራ ለቀቁ። ሲኞር ለመናቸው፣ ተቆጣ፣ መልሶ ለመናቸው። «በማላምነው እጅ የሰው ልጅ ወደ ገደል አልሰድም» ብለውት ወጡ። ሁለቱ ጥቋቁር ድንጋዮች እዚያው ቀሩ። ቀሃ ወንዝ ዳር ባለች ቁራሽ መሬታቸው ላይ ሽንኩርት እያጠጡ መኖር ያዙ፤ ብረት የሚባል ከዶማ በቀር አይነኩም ተባለ።

የፊት እግሩን ሥራ እኔ ወረስኩ። መዳፌን መጋጠሚያው ላይ ሳሳርፍ ግን እሳቸው እንዲህ ያለ እጅ ይዘው ከተሳሳቱ እኔ ማን ነኝ እል ነበር። አመነታሁ፤ ዳዶ ደጋግሜ አጠብቅ ነበር፤ አንዳንዱን አጥብቄ በጠስኩት። በኋላ የተቋረጠ ትምህርቴን በማታ ጨረስኩና ለመምህርነት ሥልጠና ተቀባይነት ሳገኝ፣ ጋራዡን ተሰናብቼ ሄድኩ።

በሥልጠናው አንድ ቀን መምህራችን ጣውላ በድንጋይ ላይ አጋድመው ስለ ማንሻ አስተማሩን። ከድንጋዩ ወዲህ ክብደት ሲያስቀምጡ የጣውላው ወዲያኛው ጫፍ ተነሣ። የክፍል ጓደኞቼ ጻፉ፤ እኔ ብዕሬ ቆመ። የጌጡ መኪና የጭነት ሳንቃ ከኋላ ጎማው አልፎ ወደ ኋላ ይወጣል። ያ ሁሉ ሕዝብ የተጠቀጠቀው ከጎማው በስተኋላ ነው። ጎማው ድንጋዩ ነው፤ ሕዝቡ ክብደቱ ነው፤ የተነሣው ጫፍ የመኪናው ፊት ነው! መሪው የቀለለው በግራሶ አልነበረም። የፊቱ ባሌስትራ ያን ቀን ጭነት አላየም፤ ስላላየ አልረጋም፤ ስላልረጋ ዳዶው እንደ ጠበቀ ቆየ። አያ ቢያድግልኝ «ጠብቋል» ሲሉ እውነትም ጠብቆ ነበር። የላላው በኋላ ነው፤ የአስመራው ጭነትና ቁልቁለቱ ሲመጣበት። እጃቸው አልዋሸም!

ሥልጠናዬን ጨርሼ ጎንደር እስክመለስ ቸኮልኩ። ተመልሼ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቀሃ ወረድኩ። አያ ቢያድግልኝ ውኃ ወደ መደቡ ሲመሩ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ጉንጬን ሳሙኝና፣ «አስተማሪ ሆንክ አሉ፤ ሸጋ አደረግህ» አሉኝ።

«አያ፣ የመጣሁት አንድ ነገር ላስረዳዎ ነው» አልኳቸው።

የዶማውን እጀታ ነቅዬ ድንጋይ ላይ አጋደምኩት። ከነቀሉት ሽንኩርት ወስጄ ከኋላ በኩል ደረደርኩ፤ ሕዝቡ ይኸው አልኩ። የእጀታው ፊት ብድግ አለ። መሪው ለምን እንደ ቀለለ፣ ዳዶው ለምን እንዳልዞረ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። በጣም ጥሩ አድርጌ አስረዳሁ፤ እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ እንደዚያ አሳምሬ አስረድቼ አላውቅም። እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ልክ መጋጠሚያውን እንደሚያዳምጡ ሆነው ሰሙኝ።

«ስለዚህ እጄ ደኅና ነበር» አሉ።

«ደኅና ነበር አያ! እሱን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ፊታቸው ፈካ ሲል አየሁ፤ ልቤ በደስታ ዘለለ። ቀጥለው ጎንበስ አሉና አንዷን ሽንኩርት ከኋላ አንሥተው ወደ ፊት አመጧት። እጀታው ትንሽ ወረደ። ሌላ አመጡ። የእጀታው የፊት ጫፍ ወርዶ መሬት ነካ። ካመጧቸው በአንዷ ላይ ጣታቸውን አድርገው ቆዩ።

«እነዚህ መጀመሪያ እዚህ ነበሩ» አሉ። «ሲሳፈሩ ከፊት ነው የተሳፈሩት።»

ያን ጊዜ ነው የደረስኩበት። መንገዱን ሁሉ ስመጣ፣ ጣውላውን፣ ጎማውን፣ ክብደቱን ሳስብ፣ «ወደ ኋላ በሉ» ያለው ድምፅ የማን እንደ ነበር አንድም ጊዜ አልታሰበኝም።

«አያ፣ ለካህናት ክብር ብለው ነው። ማንም ሰው እንደዚያ ያደርግ ነበር።»

«ማንም ሰው የማኪናዋን ፊት አልሠራም» አሉኝ በለሆሳስ። «የሠራሁት እኔ፤ የገፋሁት እኔ።» ሽንኩርቶቹን ሰብስበው ወደ ቅርጫቱ መለሷቸው፤ የዶማውንም እጀታ መልሰው ገጠሙት። ስሰናበታቸው እስከ መንገዱ ሸኙኝ፤ እንደ ወትሯቸው መረቁኝ። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

በሰኞው ጌጡን ትኬት ቤቱ መስኮት ላይ አገኘሁት።

«አያ ቢያድግልኝ መጥተው ነበር» አለኝ። «‹እጄ አልነበረም፣ እኔው ራሴ ነኝ› ብለው ሁሉን ነገሩኝ። እኔም ‹መሪው ሲቀለኝ ምን ሆነች ብዬ መውረድ ሲገባኝ፣ ዘፈንኩ እኮ አያ› አልኳቸው። ሌላ አላወራንም። ከዚያ ትኬት ቁረጥልኝ አሉኝ።»

«ወዴት?»

«ማክሰኝት። ደርሰው ማታውኑ ተመለሱ። ምን እንዳደረጉ አልጠየቅኋቸውም።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አምጥተዋል። ጋራዡ የፊት ባሌስትራ በቀየረ ቁጥር ጠርቷቸው የሚያውቅ ሳይኖር ይደርሳሉ። ጭነቱ ሲጫን ቆመው ጆንያው ከጋቢናው ጀርባ መጀመሩን ያያሉ፤ ከዚያ ጆንያው ላይ ወጥተው ማክሰኝት ድረስ ይሄዳሉ። በመንገድ ካህን ሲሳፈር መስቀሉን ይሳለማሉ፤ ሰው ቦታ ሊለቅ ብድግ ሲል ግን ይከለክላሉ። «አባታችን እዚሁ ከእኛ ጋር ይጠጋሉ። ኑ፣ ወደ ፊት! ሁላችሁም ወደ ፊት በሉ!»

እኔም ቅዳሜ ትምህርት ሲዘጋ ጋራዡ ጎራ ማለት አልተውኩም። ከማክሰኝት ሲመለሱ እጄን ሰጥቼ አወርዳቸዋለሁ። ከመኪናው ሥር ከመግባቴ በፊትም በየጊዜው መፍቻውን እዘረጋላቸዋለሁ።

«አንተ ጠበቅ አድርገው» ይሉኛል፣ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደ ከተቱ።

ገብቼ አጠብቃለሁ። ስወጣ ፓራፋንጎው አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ጠፍ የሚያደርገው ግን የለም። እጃቸው ጤነኛ ነው። ይህን ከእኔ የተሻለ ያስረዳቸው ሰው የለም።